ትንፋሽ ቆጠራ

ቅንጬ አነጠሰች።
አንዴ ነው፤ ዝም አልኩ። አቧራ ነው፣ አልኩኝ፤
ሰንጋ ተራ ሙሉ ተቆፍሮ ከርሞ
አራተኛ ፎቅ ድረስ አፈሩ ሲያፍነኝ።
ሁለቴ አነጠሰች። ቀና አልኩ ከሒሳቤ።
ሦስት ስትል ተነሣሁ፤ አላስችል አለ ልቤ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ በስልኬ መብራት አየኋት፤
አፍንጫዋ ረጥቧል፣ ቀኝ ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል።
«ምንሽን ነው?» አልኳት።
ጀርባዋን ሰጠችኝ።
ድመት ሕመሟን እንደ ኩሷ ነው የምትቀብረው፤
ትቆፍራለች፣ ታለብሳለች፣ አሽትታ ታረጋግጣለች፣
ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ጅራቷን አቁማ ትሄዳለች።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጨው ሊበደሩ ወጥተው፣
«ለድመት ሐኪም!» አሉ። «ሰባት ነፍስ አላት፤
አንዷ ብትጎድልባት ምን አላት?»
ቢሆንም አንጀታቸው አልቻለም፤ ከመቀነታቸው ጫፍ
ግማሽ ፓራሲታሞል ፈትተው ሰጡኝ፦
«በወተት በጥብጪና ጋቺያት።»

ክኒኗን ይዤ ቆምኩ።
የራይዱ ደርሶ መልስ፣ የካርዱ፣ የመርፌው፤
ደመወዝ ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ይቀራል፤
ወንድሜ ናኦድ ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ ይስቃል፦
«ሰው በየሆስፒታሉ ደጅ ካርቶን አንጥፎ ሲያድር!»
እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ግን አያስተኛኝም።
ዛሬ ብወስዳት፣ ለማስነጠስ ብር በተንኩ፤
ባልወስዳትና ...
ዓረፍተ ነገሩን አልጨርሰውም።
ክኒኗ ላይ ብርጭቆ ደፋሁባት።

በሁዳዴ ሥጋ ቤት አስከፍቼ ያመጣሁትን ጉበት
አሞቅኩላት፤ አሸተተችውና ታዘበችኝ።
ሌሊቱን ቆጠርኩ። ደረቷ ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት፣
የስልኬ ሰዓት አንድ ደቂቃ እስኪሞላ።
ሃያ ስድስት። ሳል ይይዘኛል፣
ትባንናለች፣ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤
እንደገና ከአንድ። ሃያ ስምንት።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣
ከኩሽና ሰማሁ፤ ለቅ፣ ለቅ፣ ለቅ፤
ምላሷ ውሃው ላይ።
እንደዚያ ያለ ድምፅ በዚህ ከተማ ሰምቼ አላውቅም።

ጠዋት ደወልኩ። ባለፈው ዓመት የከተባት፣
ስልኬ ላይ «የቅንጬ ዶክተር» ነው፤ ስሙ ፍሬስብሐት።
«ትበላለች?» «ከጉበቱ ዳር ዳሩን።»
«ውሃስ?» «ሌሊት ሰምቻታለሁ።»
«ድዷ ገርጥቷል?» «ሮዝ ነው፤ ስትነክሰኝ አይቻለሁ።»
«አፏን ከፍታ ታለከልካለች?» «ኧረ የለም።»
«የሰው ክኒን ሰጥተሻል?»
ብርጭቆውን አየሁት። «አልሰጠሁም።»
«ደግ አደረግሽ። ግማሹም ይገድላታል።»
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
«ዓይኗን ለብ ባለ ውሃ ጥረጊላት፤ ዛሬን ጠብቂ።
እስከ ነገ እህል ከናቀች፣ ወይ ትንፋሿ ከበዛ፣
እንዳታመነቺ፤ አምጪያት።»

ልዘጋ ስል፣
«ቆይ፣ ይሄ የሚስለው ማነው?»
«እኔ ነኝ። አቧራ ነው።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከጥምቀት።»
ዝም አለ። እኔም ቆጠርኩ።
ከበታች ባቡሩ ወደ ልደታ አለፈ።
«እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ» አለ በመጨረሻ፤
«ግን ዛሬን ጠብቂ ያልኩሽ ለድመቷ ነው።»

የኢንዶሚ ካርቶን ቀዳድጄ አዘጋጅቼ ነበር፤
ቅንጬ ራሷ ገብታ ተኝታበታለች።
ለሷ የቆጠርኩትን ብር ቦርሳዬ ከተትኩ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፦ «ድመቷስ?»
«ቤት ናት» አልኩ። ሌላ ልጨምር ብዬ አጠረኝ።
የደረጃውን ብረት ይዤ የስልኬን ሰዓት አወጣሁ፤
ከአንድ ጀመርኩ።