አንዲት የብሩሽ ፀጉር

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ኤሲው እያሳለ፣ መስኮቱ በነሐሴ ወበቅ አልቦት፣
የሰው ሥዕል አባዛለሁ።
የኔ እጅ ቤት ቢስል ግድግዳው ይዘማል፤
ዓይኔ ግን ቀለም ላይ ከማንም አይበደር።

ናዲራ መጣች፣ ከዓጅማን፣ በታክሲ፣
ሥዕሏን ባንሶላ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፋ።
"ማዳም" አልላትም፤
እኅቴ ዘነቡ ኩዌት ሰባት ዓመት
በዚያች ቃል ላይ ነው ምላሷ ያለቀው።
"ሠዓሊዋ" አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዋጋ ተከራከረች።
ሃያ አምስት ቅጂ፣ በሸራ፣ በቁጥር፣ በፊርማ፤
"የተበላሸው ይቀደድ" አለች፣ "ዓይኔ እያየ።"

ባሕር ነው። ሊነጋ ሲል ያለ ባሕር፣ አንዲት ጀልባ ያለችበት።
የመጀመሪያው ናሙና ሲወጣ ራሷን ነቀነቀች፤
ሁለተኛው ሲወጣ፣ ዝም።
በኔ ቋንቋ፣ አልኩ በልቤ፣
ሰማያዊ ሲባል ቀለምም ነው፣ ገነትም ነው፤
ማተሚያዬ ገነቱን ሳያበዛው አልቀረም።
የሷ ባሕር ዓሣ ዓሣ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣
ምድራዊ ሰማያዊ ነው።
ቢጫ ጨመርኩ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል፤
ከዚያ አመድማ፣ እሱንም እየፈራሁ።
ሦስተኛውን ይዛ ደጅ ወጣች፣
ፀሐይ መሐል፣ አርባ ስድስት ዲግሪ ውስጥ ቆመች፣
"እሱ ነው" አለች፤
ለኔ አይደለም፣ ለሸራው።

ያኔ ነው ያየኋት። ከጀልባዋ ግርጌ
አንዲት የብሩሽ ፀጉር፣ ቀለም ውስጥ ሰምጣ የደረቀች፤
ማሽኑ ሳይንቃት ከነጥላዋ አንሥቷታል።
"ላጥፋት?" አልኩ፤ ባንድ ጠቅታ ትሄዳለች።
"ርካሽ ብሩሽ ነበር" አለች፣ "ኪራይ ያለፈብኝ ወር፤
እሱም እንደ እኔ ፀጉሩ ይረግፍ ነበር።
ተዋት። ትባዛ።"

ተባዛች፣ ሃያ አምስት ጊዜ፤
ቫርኒሽ ተቀባች፣ በእንጨት ላይ ተወጠረች፣
በዓይን ሲያዩዋት አለች፣
በጣት ሲዳስሷት የለችም።

ሁለቱን ብልሽቶች ቀደድኳቸው፣ እሷ እያየች፣
በስለት፣ መሐል ለመሐል።
ውላችን ቅደድ ነው የሚለው፣ ጣል አይልም።
ጀልባዋ ያለችበትን ግማሽ፣ ገነት የበዛበትን፣
ጠቅልዬ ወደ ማደሪያ ወሰድኩ፣
ስምንት ሆነን ከምንተኛበት፤ ከራስጌዬ ሰቀልኩት።

ሙዘይን፣ የከሚሴው ልጅ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ
ጫማውን ሳያወልቅ ቀረብ አለ፣
በጥፍሩ ጫር፣ እንደገና ጫር።
"ፀጉር ገብቶበታል ወንድሜ፣ አልወጣ አለኝ።"
"አይወጣም" አልኩት።
ጣቱን በምራቅ አርሶ ደግሞ ሞከረ።