የተሠራችበት ዘመን

ከቦርከና ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
የአሊጋዝ ጋራዥ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አለ ሸራ የለበሰ፣
ጠያቂ የበዛበት፣ መላሹ ያነሰ።
"ጀልባ ነው?" ይላሉ የባጃጅ ልጆች፣
"ሬሳ ሣጥን ይሆን?" ከገበያ ተመላሾች።
እሱ መዶሻውን አስቀምጦ ይስቃል፤
"እኔን አትጠይቁ፣ ላሜራው ያውቃል።"

እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ሽቦ ነው እንጀራዬ፤
ለሁለት ቀን መጥቼ ቀረሁ ከነመሣሪያዬ።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአባቴ ጋር ደሴ፣
ፒያሳ ቆማ አየኋት፤ ቀጥ አለች ነፍሴ።
ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣
ቆማ እያለች እንኳ የተነሣች ለመክነፍ።
አባቴ ክንዴን ጎትቶ 'ና እንጂ!' ሲል ነቃሁ፤
ስሟን ሳልጠይቅ ቅርጿን ይዤ ወጣሁ።"

በስልኬ ፈልጌ ስንቱን ፎቶ አሳየሁት፤
"ይቺ ናት?" "አይደለችም።" "ይቺስ?" "አላወቅኋት።"
የጣሊያኑን አየ፣ የእንግሊዙንም ጭምር፤
እሱ ያያት መኪና ከእሱ በቀር የላት ምስክር።

ሻንሲው ሐርቡ መንገድ ከተገለበጠ ኮሮላ፣
መሪው ከአሮጌ ፊያት፣ ሐይቅ ከአንድ ሰው ጓሮ ኋላ፤
ኮፈኗ ከዘይት በርሜል፣ በመዶሻ የለዘበ፣
በአሸዋ ከረጢት ላይ ቀን ከሌት የታሰበ።
በሩ አልመች ብሎት ሰባት ጊዜ አፈረሰው፤
ስምንተኛው ሲገጥም እንደ ሕፃን ዳሰሰው።

"ካርቡራቶር ይቅር" አልሁ፣ "ኢንጀክሽን እንግጠም፤
በዚያ ዘመን ፍሬን እኔ ሞቼም አልቀመጥም።
ዲስክ ነው የሚያዋጣን፤ ይህ የደሴ ቁልቁለት
ትዝታ አይገባውም፤ የሚያውቀው ክብደት።"
"ያኔ ያልነበረ አታስገቢባት!" ብሎ ተቆጣ፤
"ያኔ መነጽር ነበረህ?" ብለው ሳቁ መጣ።

ኮምፒውተሩን ከመቀመጫው ሥር ደበቅሁት፤
የኋላ ካሜራውን በታርጋ መብራት ሸሸግሁት።
ጌጆቿ ባለ ቀስት፣ እንደ ጥንቱ ክብ፤
ውስጣቸው ግን ሌላ ነው፣ የዛሬ ልጅ ልብ።

ቀለሙ ወር ፈጀ። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም።
"የበርበሬ?" "አይ።" "የደም?" "አይ።" "የጡብ?" "ኧረ የለም!"
ከእናቱ ሣጥን አሮጌ የፔርሙዝ ክዳን አወጣ፤
"ይሄ ነው፣ ሉባባ፣" አለኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ መጣ።

እሑድ በማለዳው ሸራው ተገፈፈ፤
"ቢስሚላህ" ብሎ አዝራሯን ሲጫን ቆርቆሮው አቧራ አረገፈ።
ወደ ደሴ ሽቅብ፣ ጣሪያዋን አጥፈን፣
ብርዱ ጆሯችንን እየቆነጠጠን፣
የሲኖትራክ ሹፌር ክላክሱን ነፋልን፤
ባጃጅ ተከትሎ በስልክ ቀረጸን።
አሊጋዝ አንድም ቃል አልተነፈሰም።
ኩርባ ላይ ፍሬን ሲይዝ ግን አየሁት፤
ዲስኩን አልረገመም።

ፒያሳ ስንቆም አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተክለው፣
ፓራፋንጎዋን ዳሰሱ ዓይናቸውን ጨፍነው፤
"ይቺን አውቃታለሁ! እዚሁ ነበር የምትቆመው፣
የሐኪሙ መኪና! ግን... አረንጓዴ አልነበረችም? ምነው?"

እኔ አሊጋዝን አየሁ፤ አሊጋዝ መሬት አየ፤
ሃምሳ ዓመት የያዘው ቀይ ከፊቱ ተለየ።
ከዚያ ኮፈኗን ቀስ ብሎ በእጅጌው ጠረገና፣
"ልክ ነዎት አባባ፤ ተቀብታ ነው እንደገና።"

ሰኞ መንገድ ትራንስፖርት ቅጽ ሰጡን።
የሞተር ቁጥር ሞላን፤ የሻንሲ ቁጥር ሞላን፤
"የተሠራችበት ዘመን" የሚለው ላይ ቆምን።
እኔ "ዘንድሮ" ልል አፌን ከፈት አደረግሁ፤
እሱ "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" ሲል ሰማሁ።
ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ብላ አየችን፤
"በቁጥር ነው የምፈልገው" አለች፣
ለነገ ቀጠረችን።