ሦስት ብርጭቆ

የእንሶስላውን ግንድ ጎህ ሲቀድ የቆረጥነው
ዓባይ ከሐይቁ ጉሮሮ ከሚያመልጥበት ነው።
ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ባንቻየሁ አንዱን ተወች፣
ዘይኑ እየሳቀ ሲያወጣ እሷ ግንዱን እያየች፦
«ተመልከቱ፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ እንደ መስታወት ነው ሆዱ፤
ውኃው ሲሄድ ይታየናል፣ እንደ ሰው በመንገዱ።»

ጥያቄው የመምህር አዝመራው ነው፣ በጠመኔ የተጻፈ፦
«ሙቀት ሲጨምር ውኃ በግንድ ስንት ጣት አለፈ?»
ሦስት ብርጭቆ ደረደርን በመስኮቱ ጥላ ሥር፣
ቀይ ቀለም አንጠባጠብን፣ እኩል እኩል፣ በቁጥር።
አንዱ በበረዶ፤ በረዶው ከዘይኑ አጎት የዓሣ ሣጥን፣
የቀረሶ ቅርፊት ያጀበው፣ አፍንጫችንን ያስያዘን፤
ሁለተኛው እንደ ሐይቁ፣ ሃያ ሦስት ዲግሪ፣ ለብ ያለ፤
ሦስተኛው ከምድጃ ወርዶ አርባ ላይ የዋለለ።

በየአሥር ደቂቃው ማስመሪያ። ባንቻየሁ ትናገራለች፣
እኔ እጽፋለሁ። ቀይዋ መስመር አርባው ላይ ትሮጣለች፣
ቅጠሉ ሥር ትደርሳለች፤ በሐይቁ ውኃ ትራመዳለች፤
በበረዶው ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ትቆማለች፣
ትተነፍሳለች።
ብርድ ውኃን ያወፍራል አሉ መምህሩ፤ ልክ እንደ ማር በክረምት፣
ከማሰሮ ሲቀዱት እንቢ እንደሚል፣ እንደሚጎተት።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። በረዶው ቀለጠ። ዝናብ መጣ።
ቁጥር የቀረው ባዶ ቦታ ሰንጠረዡ ላይ አፍጥጦ ወጣ።
እና ሞላነው፤
አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ብለን በደረጃ አሳመርነው።
መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አዩና
«ውሸት ነው» አሉ፤ «እንዲህ የተበጠረ ግንድ አላየሁም ገና።
ጣና እንኳ ማዕበሉን እኩል አድርጎ አያውቅም፤
ቁጥራችሁ እጅግ አምሮብኛል፤ ያማረ ቁጥር አላምንም።»
ማንም አልተነፈሰ። ዘይኑ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ፤
በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያው ጭቃ እኛን ፈለገ።

ሁለተኛው ቀን ግንዶቹ አመጹ። አንዱ በሞቀው ቆሞ
አንዲት ጣት እንኳ አልጠጣም፤ ዘመመ፣ እንደ ሰው ታሞ።
ባንቻየሁ ብርጭቆ ለወጠች፤ እኔ ማስመሪያውን ጠረጠርኩ፣
ቀለሙን፣ ቴርሞሜትሩን፤ በመጨረሻም ራሴን ከሰስኩ።
ያኔ ዘይኑ፣ አባቱ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚያስረው፣
እያፈረ እንዲህ አለ፤ ከቤት የሰማው ነገር ነው፦
«እህቴ ለጀልባ ተሳፋሪ አበባ ስትሸጥ፣ ግንዱን
ውኃ ውስጥ ነክራ ነው የምትቆርጠው። አየር ከቀደመ መንገዱን
ይዘጋዋል ትላለች።»

ባልዲ አመጣን። እጃችንን እስከ ክርን ነከርን፤
ቢላዋው በውኃው ሆድ ውስጥ፣ ግንዱን ሳይተነፍስ ቆረጥን።
ከዚያ ጠጣ።
ሞቁ ፈጠነ፣ ብርዱ ዘገየ፤ ግን ቁጥሩ እየተንገዳገደ ወጣ፤
አንዱ ግንድ ሰነፍ፣ አንዱ ስስታም፣ አንዱም ያለ ምክንያት ቀናተኛ፤
ስድሳ ዲግሪ ላይ የሞከርነው ደግሞ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ተኛ።

ማታ በሐይቁ ዳር ስመለስ፣ ነፋሱ ከውኃው ሲነሣ፣
ዘንባባዎቹን ቀና ብዬ አየሁ፤
ያ ሁሉ ውኃ ያለ ድምፅ ወደ ላይ ሸክሙን ሲያነሣ፣
በቀን እየሮጠ፣ በሌሊት ብርድ እየተጎተተ፣
ማንም በጠመኔ ሳይጠይቀው ስንት ዓመት ወጣ፣ ስንት ዓመት ዋተተ።

ቤት ስገባ እናቴ እጄን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረች፤
ጣቶቼ ቀይ፣ ጥፍሬም ቀይ፤ ፊቷ ፈካና ሳቀች፦
«እንሶስላ ሞቅሽ እንዴ? የማን ሠርግ ነው ደግሞ?»
«እኔስ» አልኳት «አልሞቅኩም፤ የሞቀው ግንዱ ነው ቀድሞ።»
ገባት አልገባት አላውቅም። ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤
የትናንቱን ቁጥር ሰረዝኩ፤ አንዷን ቦታ ባዶ ተውኩ፣
መብራት የጠፋባትን፣
ያችን አሥር ደቂቃ።