ጀርም ሰዓት አያስር

ትራብዞን፣ ወደብ ዳር፣ ዝናብ ባረገዘ ጧት፣
ከዱርሱን እጅ አመለጠ ሰሊጥ የለበሰ ሲሚት።
«አንድ፣ ሁለት…» እያለ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤
ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው፤
ሊገምጥ ሲል ግን ልጁ ሩህሳር ቀደመችው።

«ተው አባዬ፤ ጀርም ሰዓት አያስር፤
አምስት ቁጠር ሃምሳ ቁጠር፣ ሲወድቅ ነው የሚሳፈር።
ይሄ ወለል ስንት ጫማ፣ ስንት የዓሣ ደም ያውቃል!»
«ሳምኩት እኮ! የተሳመ እህል እንዴት ይጣላል?»

ከመስኮቱ ደፍ አኖረው። አንድ እግሯ የተቆረጠ
ያች የባሕር ወፍ ደረሰች፤
ሲሚቱ ባንዴ ተዋጠ።

ሩህሳር ሌሊቱን ተኛች።

በነጋታው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሻዩ በእጁ ቀዝቅዟል፤
ዱርሱን መስኮቱ ሥር ቆሞ የወፍ እግር ይቆጥራል፦
ሁለት… ሁለት… ሁለት…
«አንድ» ማለት ናፍቆታል።