ስድስት እንቁላል

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሞተሬን አስነሳለሁ፣
ከወረቀት ፋብሪካው ጓሮ እጭናለሁ።
ወረቀቱን አጥበው ለራሳቸው ሲያስቀሩ
ላስቲኩ ለኔ ነው፤ እርጥቡ ከነአፈሩ።
በመርከብ የመጣ ነው፣ ባሕር የተሻገረ፣
የማን ቤት ቁርስ እንደሆን ለኔ ያልተነገረ፤
የወተት ጠርሙስ አለ፣ የድመት ምግብ ከረጢት፣
የልደት ፊኛ አለ፣ ሰባት ቁጥር ያለበት።
ልጄ ዉላን አንዱን አንስታ አነበበች፤
«አባ፣ ‹ከዚህ ቀን በፊት ተጠቀሙ› ይላል» አለች።
ቀኑን አየሁት፤ ካለፈ ዓመት ሞልቶታል።
ጊዜ ያለፈበት፣ ወዴት ይጣላል?

ካሊረጆ ስገባ፣ ጎሕ ገና ሲቀድ፣
የካስማዲ እቶን ይጀምራል መንደድ።
የአኩሪ አተር ወተት በርሜል ሙሉ ፈልቶ
ይረጋል እንደ አይብ፣ ሆምጣጤ ጠጥቶ፤
በነጭ ጨርቅ ተጨምቆ በካሬ ይቆረጣል፣
ቶፉ ነው፤ ሱራባያ ድረስ ገበያ ይወጣል።
እንጨት እንደሁ ውድ ነው፤ ካስማዲም ክፉ አይደለ፣
ሦስት ልጅ ያስተምራል፤ «ታዲያ ምን ላንድድ?» አለ።

ጭሱ ጥቁር ነው፣ ወፍራም፣ እንደ ጠጉር የተጎነጎነ፤
ጭስ መውጫ አያጣም፤ መውረጃው ግን የት ሆነ?

በሳሪነም ጓሮ ነው። እዚያ ዶሮ ይጭራል፣
አመዱን ይበትናል፣ ትሉን ይለቅማል፣
ላባው ሲራገፍ ግራጫ ይበናል።
ሳሪነም መበለት ናት፤ ዐሥራ አንድ ዶሮ አላት፣
አንድ የልጅ ልጅ ደግሞ፣ ባዩ፣ ልጇ ሆንግ ኮንግ ስትሄድ የተወችላት።
ጠዋት ጠዋት ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ ታበላዋለች፤
«ቁመቱ ይጨምር፣ በሩን ይድረስ» ትላለች።

በነሐሴ አንዲት ልጅ መጣች፣ ራትሪ የምትባል፣
ጓንት አጥልቃ፤ «እማማ፣ ስድስት እንቁላል
ይሸጡልኝ» አለች። በዋጋ አልተከራከረችም።
በጥጥ ጠቅልላ ሄደች፤ ዞራም አላየችም።
ሳሪነም ሳቀች፦ «እንቁላል እንደ ሕፃን ታቅፋ!»
ዝናብ መጣ፤ ወር ሄደ፤ ነገሩም ጠፋ።

ከዚያ ተመለሰች።
ስሙን ነገረችን፤ ምላሴ ላይ አልቆመ፤
ከላስቲክ ጭስ ተወልዶ ስብ ውስጥ የከረመ፣
ቢቀቅሉት የማይሞት፣ ቢያጥቡት የማይለቅ፤
«አይብሉት» አለች በቀስታ፤ እሷም ስትሳቀቅ።
ሳሪነም የዶሮዋን ጀርባ እየዳበሰች
«ስንቱን በላ?» አለች። ለማንም አልነበረም። ቆጠረች፤
አራት ዓመት። በቀን አንድ። ጣቷ አልበቃ አላት።
ጨዋ ናትና ለእንግዳዋ ሻይ አቀረበችላት።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤
ይኼኛው ቸኮለ፤ ሳይፈለፈል ደም ውስጥ ይራመዳል።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ኮፍያዬን ሳሽከረክር።
ጭነቱን አምጪው እኔ ነኝ፤ በምን አፌ ልናገር?

ማታ ዉላን ጠየቀች፦ «አባ፣ ላኪዎቹ ያውቃሉ?»
«የቱን?» «ወተታቸውን ጠጥተው፣ አረንጓዴ ቅርጫት ውስጥ ሲጥሉ፣
ደግ የሠሩ መስሏቸው ተኝተው ይሆናሉ?»
አላውቅም አልኳት። ሹፌር ነኝ፤ የማውቀው መንገዱን፣
እሱንም አንድ ጫፉን፤ አላየሁም አንዱን።

ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት ሞተሬን አስነሳሁ።
በሳሪነም ደጅ ሳልፍ መብራቴን አጠፋሁ።
ዶሮዎቹን አላረደች፤ እንቁላሉን ግን ትቀብራለች፣
ከሙዙ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ አፈር ታለብሳለች።
ባዩ ጨው በእጁ ይዞ ሳህን ፊት ይቀመጣል፤
«ዶሮዋ ታማለች?» ሲል ይጠይቃታል።
በቶፉ ተክታለት፣
ትኩስ፣ አሁን የወጣ፣ ከካስማዲ ቤት፣
እፍ እፍ ብሎ ይበላል።