አክሲዮን

ሻርጃ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ውጭ አስፋልቱ ቀን የጠጣውን እሳት ገና ይተፋል፤
እዚህ ምድር ቤት ግን በርሜሉ
ከበረዶም ያለፈ ብርድ ታቅፎ ያንቀላፋል።

«ሰዓትሽን፣ የጸጉር ሽቦሽን ከቢጫው መስመር ወዲያ ተዪ፣»
አለችኝ ሞዛ የገባሁ ሰሞን፤ «ማግኔቱ ይነጥቅሻል፣ እዪ!»
የቆርቆሮ ባልዲዬ እጀታ
ስሙን እንደጠሩት ሰው ወደ በርሜሉ ዞር አለ፤
በማግስቱ በፕላስቲክ ለወጥኩት።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት፣ ወለሉ እስኪደርቅ ቆሜ።
«አክሲዮን» ስትል ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ቀዘቀዘ ደሜ።
የኔም እኮ አክሲዮን ነው!
የስድስት ዓመት ደሞዝ፣ በሐዋላ እየተቆነጠረ የሄደ፤
ወንድሜ ሙዘይን «ባንክ ገባ፣ ትርፉም ትርፍ ወለደ» ያለው።
ወረቀቱን ዓይኔ አላየው።

የሷ ሌላ ነው። ቅንጣት። ከቀላል የቀለለ፣
በጣቶቻችን መሀል ሺህ ጊዜ ሺህ የሚያልፍ፣ ካለ።
ስሙን ያወጣለት ሰው ከልብስ ሳሙና ነው የወሰደው አለችኝ፤
ሳሙናስ አውቃለሁ አልኳት፤ እጄን አየች፣ አመነችኝ።
በዳር የሚሽከረከሩት ከዋክብት ተፈናጥረው የማይበተኑት
አንዳች የማይታይ ክብደት ይዟቸው ነው፤ ያን ነው የሚያድኑት።

አፈላለጓ የሬዲዮ ነው።
በመዳብ ጣሳው ውስጥ ዘንጉን ጸጉር ታህል ታዞርና
ታዳምጣለች። ምንም። ደግሞ ጸጉር ታህል።
አባቴም አመሻሽ ላይ እንዲህ ነበር ጣቢያ ሲያስስ፣
ሽሽ ከሚለው መሀል የሰው ድምፅ ሲለቅም፤
ብቻ እሱ ቶሎ ይናደድ ነበር።

ሊነጋ ሲል መዝገቧን ትከፍታለች፦
ከዚህ እስከዚህ፣ የለም። ቀን። ሰዓት። ፊርማ።
«አይከፋሽም?»
«የሌለበትን ማወቅም እኮ ሥራ ነው፣»
አለች፣ እየተንጠራራች።

ሙዘይን «አለ» አለ።
በየረመዳኑ አለ፣ በየአረፋው አለ፤
የትኛው ባንክ ስለው መስመሩ ይቆራረጣል።

ባለ ሁለት ድርሃም ደብተር ገዛሁ።
አርብ ዕረፍቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ደወልኩ።
«በዚህ ስም የለም፣ እህቴ።»
ጻፍኩት፦ ኮምቦልቻ፣ የለም። ቀን። ሰዓት።
ፊርማዬን ከረሳሁ ቆይቻለሁ፤ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፦ ሸምሲያ ይመር።
ቀጥሎ ደሴ። «ይጠብቁ» አሉኝ።
ከዚያ ሽሽ የሚል ብቻ፣ ረጅም፣
ጆሮዬን ደገፍኩበት፣
እንደ ሞዛ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ።