ምክንያቱ ያልታወቀ

«ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን
እሱ ብቻ ያውቃል» እንላለን እኛ፤
ዶክተር ሴዋንዲ ግን ሌሊቱን ሳትተኛ፣
ከጭሱ በስተኋላ እሳቱን ፍለጋ
ወጥታለች በሞተር፣ ወገግ ሳይል፣ ሳይነጋ።
ከኋላዋ ሣጥን፣ ሣጥኑ ውስጥ ጠርሙስ፣
ስትሄድ ባዶ፣ ስትመለስ ሽንት፣
ስም ሳይሆን ቁጥር የለበሰ፣
ይንገጫገጫል እንደ በረደው ሰው ጥርስ።

የስሪ ላንካ ቆላ፣ የሩዝ አገር፣ ሰሜኑ፤
እዚህ ገዳይ አለ፤ መዝገብ ላይ ስሙ
«ምክንያቱ ያልታወቀ»።
ሰውየው ሲያጭድ ውሎ፣ ሳያመው፣ ሳይደክመው፣
አንድ ቀን እግሩ አብጦ ጫማው ሲጠበው፣
ኩላሊቱ ለካ ከዓመት በፊት አልቆ፣
እሱ ነው የቆየው ወሬው ሳይደርሰው።

በኩምቡክዌዋ መንደር
ሙዲያንሴ የግድቡ በር ጠባቂ ነበረ፤
እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱ፣ ውሃ ሲያካፍል ኖረ።
ለማን ማሳ ስንት ጣት፣ ለማን ስንት ሰዓት፣
ጎረቤት ከጎረቤት ሳያጋጭ በስህተት።
ዛሬ ውሃ የሚሰፈርለት እሱ ነው፤
በቀን ሁለት ኩባያ፣
መድኃኒት የሚውጥበትም ከዚያው ነው።
ሚስቱ ሱማናዋቲ እንስራውን ደብቃ
ትተኛለች፤ እሱ አይተኛም፤
በመስኮት ያየዋል ግድቡን፣ ሙሉውን፣ ከነጨረቃ።

ማክሰኞና ዓርብ፣ አውቶቡስ ሦስት ሰዓት፤
ከዚያ ዲያሊሲስ ክፍል፣ አልጋ ላይ አራት።
ደሙ በቀጭን ቱቦ ይወጣል ካጣሪው ዘንድ፣
ታጥቦ ይመለሳል በሌላ መንገድ።
አጠገቡ ያለው አልጋ
ባለፈው ዓርብ ሰው ነበረው።
ክንዱ ላይ ያበጠው ደም ሥር
ጆሮ ሲያስጠጉበት ይንሿሿል፤
«የግድቡ በር ነው» ይላል፣
«በደንብ አልተዘጋም፣ ያፈስሳል።»
«ዶክተር» አላት አንዴ፣ «ጤነኛ ኩላሊት
ስንት ሊትር ያጣራል በቀንና ሌሊት?»
«መቶ ሰማንያ ገደማ» ስትለው፣
ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው፤
«ያን ሁሉ ውሃ! ያለ ደመወዝ!
እንኳን አመፀ።»

መንደሩ ግን ሰልችቷል።
«ሽንታችን» አለች አንዲት ባሏን የቀበረች፣
«ኮሎምቦን አይቷል፣ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሯል፤
እኛ ለአውቶቡስ እንኳ ሳንቲም ቸግሮናል።
ምን አገኘሽ?»
ሴዋንዲ መሬት አየች።
አሥራ ሁለት ዓመት ጉድጓዱን ቀዳች፣ አፈሩን ፈጨች፣
ፀረ አረሙን መዘነች፣ የሩዙን ፍሬ አቃጠለች፣
ከገበሬው ሸሚዝ ሥር የሙቀት መለኪያ ሰፋች፤
ፀሐዩም አለበት፣ ውሃውም አለበት፣
ግን ማን ነው ቀዳሚው?
ምስክሩ በዝቶ ፍርዱ የጠፋበት።
«ገና ነው፣ እናቴ።» ይኸው ነው መልሷ፤
ውሸት ቢቀልም፣ ቢያስመሰግንም፣
አልወጣም ከምላሷ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሙዲያንሴ የልጅ ልጅ፣
ቴኑሊ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ፣
ጠርሙሷን በሻርፕ ሸፍና፣ አፍራ፣ መጣች።
ሴዋንዲ ቢጫዋን ወረቀት ነከረች።
በማሳው ላይ አረንጓዴ ጥጋብ ነው፣
ሠርግ ነው፣ ዕዳ መክፈያ፤
ጣት በማታህል ወረቀት ላይ ግን
የመርዶ መጀመሪያ።
ስልሳ ሰከንድ።
አያትየው ከበረንዳው አንገቱን አስግጓል።
ቢጫው ቢጫ ሆኖ ቀረ።
ሌላ ወረቀት አወጣች፣ ደግማ ነከረች፤
ቢጫ።

መዝገቧን ገለጠች፤ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ቀን።
«ምክንያት» የሚለው ዓምድ፣
በአያትየው ስም ትይዩ፣ ባዶ ነው እስካሁን።
ለልጅቷ በእርሳስ ጻፈች፦ «ለዘንድሮ ደህና»።
ሙዲያንሴ ከሁለቱ ኩባያ አንዱን
ለእንግዳዋ ዘረጋ።
ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቀዳ
ቁጥሩን ሳይቀር ታውቃለች።
ጠጣች።